እኛን አይመለከትም

ለተሾመች ባሏ ዓለሙ እንዴት እንደሞተ የነገራት ሰው የለም፤ ሰማች እንጂ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች፣ ከመጋረጃው ወዲያ የባሏ ታላቅ ወንድም ውባየሁ ከእናቱ ከእማሆይ ወለተጊዮርጊስ ጋር ሲንሾካሸክ ጆሮዋ ገባ። ያስቆማት መንሾካሸኩ ነው። ውባየሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በካኪ ኮቱ ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ የሚሄድ ሰው ነው፤ በዚያ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም።

«የዓለሙ ጥፋት አልነበረም፣ እማሆይ» አለ። «ፋብሪካው ራሱ አምኖ ጽፏል። በሰባ ሰባትና በሰባ ስምንት የሠራኋቸው መኪኖች ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬናቸው ባዶ ይረግጣል፣ አይይዝም ይላል። ይሄ ሰባ ሰባት የሚለው በፈረንጅ ነው። ወደኛ ሲመለስ ሰባ ማለት ነው። የኛዋ መኪና ናት።»

«ማን ነገረህ?» አሉ እማሆይ።

«ማንም አልነገረኝም። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ካላንደር አለ፤ ትልቁ ቁጥር የኛ፣ ከሥሩ ያለው ትንሹ የፈረንጅ። ባለፈው ሰሞን አጠገቡ ቆሜ ማኅተም ስጠብቅ ነው ድንገት የገባኝ።»

የእማሆይ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ አለ።

«የፍሬኑ ዕቃ ተቀይሮላት አትሸጥም?»

«አዲስ አበባ ድረስ አስጠይቄያለሁ፤ የለም። ያኔ በነፃ ይቀይሩ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። አሁን ማን የውጭ ዕቃ ያስገባል?»

«ታዲያ ዛሬ ለሚመጡት ሰውዬ ትነግራቸዋለህ?»

«ወረቀቱን አሳያቸዋለሁ። ምንም አልደብቅም። ራሳቸው ይዩት።»

«እንደ ዓለሙ ቢያዩትስ?»

«እንደ ዓለሙ ካዩት እኔ ምን ላድርግ? ቁጥሩን አልፋቅሁት።»

«ጠጥቶ ነው የሚሉትንስ?»

«እሱን ሰው ነው የሚለው። እኛ ምን አልን?»

ተሾመች ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች። ሌላ ሴት ብትሆን መጋረጃውን ገልባ ገብታ ደረቷን ትመታ፣ ጎረቤት ትጠራ ይሆናል፤ ዳር ቆሞ «እኔ ብሆን ኖሮ» ማለት መቼም ቀላል ነው። እሷ ግን ከኅዳር ወዲህ ነገር ሁሉ ከሩቅ ነው የሚደርሳት። እጁ በጓሳ ውርጭ እንደደነዘዘበት ሰው ሆናለች፤ የያዘችውን ታየዋለች እንጂ አይሰማትም። ወጥታ እሳቱን አያያዘች፤ ውኃ ጣደች፤ ልጇን ኮከቤን ቀስቅሳ ፊቷን አጥባ፣ ቁራሽ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ትምህርት ቤት ሸኘቻት። ውባየሁ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲወጣ «ደህና አደርሽ?» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጋሼ፣ እርስዎስ?» አለችው። ፊቱን ሲታጠብ ውኃ ያፈሰሰችለትም እሷው ናት። ጀርባውን አየችው፤ አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ የዓለሙን ይመስላል። ይህን አስባ ምንም አልሆነችም።

ዓለሙ የሞተው በኅዳር ነው። ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስና ገብስ ጭኖ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ መኪናዋ አመለጠችው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ጽድ ጋር ተላትማ ቆመች፤ እሱ በሩ ተከፍቶ ተስፈነጠረ። ሰውየው ሞተ፣ መኪናዋ ተረፈች። መኪናዋ እጁ ከገባች ወዲህ ሲመላለስ የከረመው ደጋ ደጋውን ወደ ደብረ ብርሃን ነበር፤ ወደ ቆላው መውረድ ከጀመረ ገና ሁለት ሦስት ጊዜው ነው። ለቅሶ የደረሰው ሰው ግን ይህን አላሰበም። ድንኳኑ ሥር አንዱ ጀምሮ ሌላው የጨረሰው ወሬ ሌላ ነው፦ «ሹፌር ሁሉ የሚወርደው መንገድ እኮ ነው፤ ካልጠጣ በቀር...» ዓለሙ በእርግጥ ድሮ አረቄ ይወድ ነበር። ኮከቤ በሕፃንነቷ ታማ የሞት አፋፍ ላይ በደረሰች ጊዜ ለማርያም ተስሎ ተወ፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ በበዓል ቀን እንኳ ጠላ ሲቀርብለት ብርጭቆውን በእጁ ከድኖ ይቀመጥ ነበር። ተሾመች ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ወሬ ክፉ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ጆሮ ላይ ሲንጠባጠብ ድንጋይም ይበሳል። ጣርማበር ብርድ ነው፣ አረቄ ቤቱ ብዙ ነው፣ ከቤት ርቆ የሄደ ወንድ ነው። ምናልባትስ? ይቺ «ምናልባት» ናት እንባዋን ይዛ ያስቀረችባት። ጥሏት በሞተው ባሏ ላይ እንዳታለቅስ ትቆጣዋለች፤ እንዳትቆጣው ደግሞ ሞቷል። ኮቱ ከደብረ ሲና ከመጣ ጀምሮ በምስማር ላይ ተሰቅሎ አለ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀት ስለሚመጣ ኮቱን አውልቆ ከመቀመጫው ጀርባ የማንጠልጠል ልማድ ነበረው፤ ስለዚህ ደም አልነካውም። ተሾመች አንድም ቀን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታው አታውቅም። አረቄ ቢሸት ምን እንደምትሆን አታውቅማ።

መኪናዋን የገዙ ዕለት ግን ቤቱ ሠርግ መስሎ ነበር። ውኃ ሲቆፍሩ የከረሙ ፈረንጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ሲሉ ደብረ ብርሃን ላይ ለሽያጭ ያወጧት ፒክአፕ ናት። የእማሆይ ባሕር ዛፍ፣ የውባየሁ የደመወዝ ጥሪት፣ የተሾመች የአንገት ወርቅ፣ ጓሳ በኩል የነበሩት በጎች፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ገብቷል። ፈረንጆቹ ንጹሕ ሰዎች ነበሩና ፋብሪካው የላከላቸውን ወረቀት ሁሉ በሰማያዊ ማኅደር አድርገው አብረው ሰጧቸው። ዓለሙ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ እንግሊዝኛውን እየቆጠረ ያነባል። ያን ዕለት ምሽት በዚያው ክፍል ማኅደሩን ከፍቶ አንዷን ወረቀት ከሊብሬው ጎን ዘርግቶ ሲያይ ተሾመች «ይቺ ምን ትላለች?» ብላው ነበር። ፍሬን ፍሬን የሚል ነገር እንዳለባት ነገራት፤ ከዚያ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳርፎ ሳቀ። «ይሄ የሰባ ሰባት ነው፤ የድርቁ ዓመት። የኛ ሊብሬ ሰባ ይላል። እኛን አይመለከትም» አላት።

እውነቱን ለመናገር ማንም ቢሆን እንደዚያ ያነበው ነበር። ሊብሬው በኛ ቋንቋ በኛ ዘመን የተጻፈ ነው፤ ወረቀቱ በፈረንጅ ቋንቋ በፈረንጅ ዘመን። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቋንቋው መለየቱን ያያል፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነውና ዓይን አይጠረጥረውም። ያውም ሰባ ሰባት! ለዚህ አገር ሰው ሰባ ሰባት ቁጥር አይደለም፤ ድርቅ ነው። የት እንደነበረ፣ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደቀበረ የሚያውቅበት ዓመት ነው። እሱን ሌላ ዓመት ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ውባየሁ ክፉ ሰው አይደለም። የወንድሙን ሬሳ ከደብረ ሲና በሰው መኪና ጭኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ይዞ ያመጣው እሱ ነው። ለአርባው በግ የገዛው እሱ ነው። መኪናዋን ያሠራትም እሱ ነው፤ የተጣመመው የጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው፣ ተቀጥቅጦ ተስተካክሏል፤ ቀለሙ ከሌላው ሰማያዊ ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ላላወቀ ሰው አያስታውቅም። መኪናዋ ከተሸጠች ወደ መንገዱ በር ያላትን ክፍል ሱቅ አድርጎ ለተሾመች ሊሰጣት፣ ኮከቤም እዚያው መሐል ሜዳ ከተማ ትምህርቷን እንድትቀጥል እናቱ ፊት ቃል ገብቷል። ካልተሸጠች ደግሞ ክፍሏ ትከራያለች፤ ተሾመችም ጊሼ አባቷ ዘንድ ትመለሳለች። የአባቷ ቤት ከትምህርት ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ይህን ማንም ዛቻ አድርጎ አልነገራትም፤ የቤት ሒሳብ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ረፋዱ ላይ ለእንግዶቹ ምሳ የሚሆን ምስር ልትገዛ ወጣች። ዐቢይ ጾም ነው፤ ገበያው የሞላው በግና ባና ቢሆንም የበግ ፊት የሚያይ የለም። ምስሩ በጣሳ አምስት ሣንቲም ጨምሯል፤ ሻጯ «ምን ላድርግሽ፣ እኔንም ጨምረውብኝ ነው» አለቻት፤ ተሾመች ሳትከራከር ከፈለች። መከራከር አታውቅም ማለት ግን አይደለም፤ ድሮ ስለ አንድ ራስ ሽንኩርት ገበያውን ታስቆም ነበር። ስትመለስ ጠጄ በራፏ ላይ ጠርሙስ እያጠበች አገኘቻት። ጠጄ አረቄ ሻጭ ናት፤ ልቧ ጥሩ ነው፣ አፏ ግን ዐርፎ አይቀመጥም።

«መጡ አሉ ገዢዎቹ?»

«ይመጣሉ።»

«ይሁን፣ መኪናዋ ትውጣላችሁ። ዓይን ዓይናችሁን ከምታያችሁ ትውጣ። እኔማ ሁልጊዜ እላለሁ፣ ዓለሙ እኔ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ አስተኛው ነበር እንጂ አልሰደውም ነበር። የሰው አገር ሰው ምን ገዶት፣ ቀድቶ ሰጥቶ መስደድ ነው።» ጠጄ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከልቧ ነው። «አንቺም አትዘኝበት እኅቴ። ወንድ ነው፤ ይስታል።»

ተሾመች የምስሩን ጣሳ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «አልጠጣም» ልትል አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ ግን «በምን አወቅሽ?» ብትባል መልሱ ሰማያዊው ማኅደር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩም የመኪናዋ ነው፤ መኪናዋም ዛሬ ትሸጣለች። «ደህና ዋይ» ብላ አለፈች። ቤት እስክትደርስ ድረስ ስለ ምንም አላሰበችም፤ ጓሮ ገብታ ምስሩን ስትለቅም ግን ጠጠሩንና ምስሩን ለይታ ሁለቱንም አንድ ላይ መልሳ ድስት ውስጥ ከተተች፤ እንደገና አውጥታ ለቀመችው።

ገዢው አቶ ወልደ ጻድቅ ከሞላሌ የመጡ የባናና የእህል ነጋዴ ናቸው። ረጅም ካፖርት ደርበው ባርኔጣ አድርገዋል፤ ምራቃቸውን የዋጡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሲቀልዱ ራሳቸው የማይስቁ ሰው ናቸው። መኪናዋን የሚነዳላቸው ልጃቸው ገብረ አማኑኤል አብሯቸው አለ፤ ባለፈው ጥር ነው ያገባው፤ መንጃ ፈቃዱም ከሚስቱ ብዙም አይቀድምም። ባና ወደ ሸዋ ሮቢት እየወሰደ ሽንኩርትና ሎሚ ጭኖ ሊመለስ ነው ሐሳቡ። እንደገቡ ቆመው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን» አሉ፤ እማሆይ «አሜን» አሉ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ወጉ ስለ ሌላ ነገር ተወራ። ዘንድሮ በልግ ይዘንብ እንደሆነ፣ ቀበሌ ስኳር መች እንደሚመጣ፣ በሞላሌ በኩል ለእናት አገር ጥሪ ስንት በግ እንደተዋጣ። ውባየሁ ስለ ሁሉም ያውቃል፤ ስለ ሁሉም ግማሹን ይናገራል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ጢስ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል፤ ዓለሙ ከሚዜዎቹ ጋር ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ከመጋረጃው በላይ ተሰቅሏል። ማንም ወደዚያ አላየም።

መኪናዋን ሊሞክሩ ሲወጡ ተሾመች ውኃ ልትደፋ ደጅ ነበረች። ገብረ አማኑኤል በሩን ከፍቶ ከመግባቱ በፊት ኮቱን አወለቀና ከመቀመጫው ጀርባ ካለችው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለው። የዓለሙ ማንጠልጠያ ናት። ራሱ ከሽቦ ጠምዝዞ የሠራት ናት፤ በአደጋውም አልወለቀችም። ተሾመች ባዶውን ጣሳ እንደያዘች ቆማ ቀረች። መኪናዋ ተነሥታ ወደ ገበያው ሄደች፤ ዞራ ተመለሰች፤ ገብረ አማኑኤል ሆን ብሎ አፍጥኗት በሩ ፊት ቀጥ አደረጋት። አቧራው ተነሥቶ ወደቀ። «እንደ ካስማ ነው የሚይዘው ፍሬኗ!» አለ እየሳቀ። ይይዛል እንጂ። መሐል ሜዳ ሜዳ ነው።

ምሳ ተበላ፤ እጅ ለመታጠብ ተሾመች ማስታጠቢያውን ይዛ ቀረበች። አቶ ወልደ ጻድቅ እጃቸውን ካደረቁ በኋላ «እንግዲህ ዋናው ነገር» አሉ። «የእኅቴ ልጅ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠራል። አሮጌ መኪና ሲገዙ ቀለሙን አይዩ አለኝ። ፋብሪካው ከሸጠ በኋላ ያገኘውን ጉድለት በየሞዴሉ እየጻፈ የሚበትነው ማስታወቂያ አለ፤ እሱን ጠይቀው ከመኪናው ጋር ያስተያዩ። እሱን ያየ አይታለልም አለኝ። አላችሁ እንዴ?»

«አለን» አለ ውባየሁ። ማኅደሩን አምጥቶ ራሱ ገልጦ፣ ራሱ ወረቀቷን አወጣ። ተሾመች ይህን ስታይ ገረማት። በስብሰባ ላይ እንደሚያነበው ድምፁን አስተካክሎ ተረጎመላቸው። «ፍሬኑን የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት በሙቀት ያብጣል። ሜዳ ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ድንገት ባዶ ሊረግጥ ይችላል። ባለመኪናዎች ፓምፑን ሙሉ በሙሉ ሳያስቀይሩ ቁልቁለት እንዳይወርዱ ፋብሪካው ያሳስባል።» ሁሉን ተረጎመ፤ አንዲት ቃል አላጎደለም። ዘመኑን ብቻ ሳይተረጉም ተወው።

«የትኞቹን መኪኖች ነው የሚለው?»

«ከዚህ እስከዚህ የተሠሩትን» አለ ውባየሁ፤ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

አቶ ወልደ ጻድቅ መነጽራቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው አጠለቁ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት፤ ሊብሬውን አስመጥተው ጎኑ አስቀመጡት። እንግሊዝኛው ለእሳቸው የዝንብ እግር ነው፤ ቁጥር ግን ነጋዴ ናቸውና አያመልጣቸውም። ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይናቸውን መለስ ቀለስ አደረጉ። የእማሆይ መቁጠሪያ ቆመ።

«ሰባ ሰባት!» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ በመጨረሻ። «የድርቁ ዓመት። ያን ዓመት በኛ በኩል ጠቦት እንኳ አልተወለደም፤ ለካ እነሱ መኪና ይወልዱ ኖሯል!» ገብረ አማኑኤል ሳቀ። አቶ ወልደ ጻድቅ ጣታቸውን ሊብሬው ላይ፣ ከቁጥሩ ሥር አሳረፉ። ጥፍራቸው ሰፊ ነው፤ የገበሬ ጥፍር ነው፤ የዓለሙን አይመስልም። «ይቺ የሰባ ናት። ሰባት ዓመት ትቀድመዋለች። ኧረ ይሄ እኛን አይመለከትም!»

ቃሉ ያው ነበር። የልጅየው ሳቅም ያው ነበር። ጣት ቁጥር ላይ አሳርፎ፣ ቀና ብሎ፣ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ደስ ሊያሰኝ የተነገረ ቃል። ያን ምሽት እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ብሏት ለዓለሙ እግሩን አጥባዋለች። አሁን ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማለች፤ ከውስጡ ያለው እድፍ ውኃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ውባየሁን አየችው። ውባየሁ ወረቀቱን እያጠፈ ነው። እማሆይን አየቻቸው። እማሆይ መሬቱን ያያሉ። ከመጋረጃው በላይ ዓለሙ ከሚዜዎቹ ጋር ቆሟል። ኮከቤ ገና ትምህርት ቤት ናት።

«በፈረንጅ ነው» አለች ተሾመች።

ድምፅዋ ቀጭን ስለነበረ ማን እንደተናገረ ወዲያው የገባው የለም። አቶ ወልደ ጻድቅ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። «ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ቁጥሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደኛ ሲመለስ ሰባ ነው።»

አቶ ወልደ ጻድቅ አልደነገጡም፤ ወይም ድንጋጤያቸውን ካፖርታቸው ሸሸገው። ግራ እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ከሰባ ሰባት ጀምረው የጣቶቻቸውን አንጓ አንድ በአንድ ወደኋላ ቆጠሩ። ስምንተኛው፣ ሰባው ላይ ቆሙ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ገብረ አማኑኤል ሳቁ ፊቱ ላይ እንደቀረ ነው፣ የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ውባየሁን ግን አላዩትም። ሰውን በገዛ ቤቱ አለማየት ምን ማለት እንደሆነ ውባየሁ ያውቃል፤ ጆሮው ቀላ። አቶ ወልደ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሊብሬውን በሁለት እጃቸው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ ሟች...» አሉና ቆም አሉ። «እኔንማ ጠጥቶ ነው ብለውኝ ነበር።»

ውባየሁ ማኅደሩን ዘጋ። ያኔ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ከመደቡ ላይ፣ እንግዶቹ ከገቡ ጀምሮ ከ«አሜን» በቀር ያልተናገሩት፣ ቀና አሉ።

«አልጠጣም» አሉ። «አምስት ዓመቱ ነበር ከተወ። ልጄ አልጠጣም ነበር።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ተነሡ። ሲገቡ አንድ ጊዜ ያሉትን ነገር፣ አሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ገና ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ደገሙት፦ «ነፍሱን ይማረው። እግዚአብሔር ያጥናችሁ።» አልተከራከሩም፤ ዋጋ ቀንሱ አላሉም፤ ማንንም አልወቀሱም። ገብረ አማኑኤል ከመኪናዋ ማንጠልጠያ ኮቱን አውርዶ ለበሰ፤ አባትና ልጅ በእግራቸው ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ ወረዱ። መኪናዋ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች ግቢው ውስጥ ቀረች።

ውባየሁ ለረጅም ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ከኪሱ አንዱን እስክሪብቶ አውጥቶ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በመጨረሻ ወደ እሷ ሳያይ፣ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ አድርጎ ተናገረ።

«ወደ ጊሼ የሚሄድ ነጋዴ ካለ በቅሎ አስጠይቅልሻለሁ። አባትሽ ዘንድ ብትሆኑ ይሻላል።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ስለ ኮከቤ ትምህርት ማንም አላነሣም። እማሆይ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልታወቀም።

ተሾመች የምሳውን ዕቃ አጠበች፤ የተረፈውን ምስር ለማታ ከደነችው። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የእንጨት ሳጥኗን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። የኮከቤን ሹራብ፣ የራሷን ነጠላ፣ አንድ ባና፣ የሠርጓን ቀሚስ እያጠፈች ከተተች። ብዙ ዕቃ የላትም፤ ቶሎ አለቀ። ምስማሩ ላይ ያለው ኮት ቀረ። ፊት ለፊቱ ቆመች፤ አወረደችው። ከባድ ነበር፤ እንዲህ ከባድ መሆኑን ረስታዋለች። ልታጥፈው ዘርግታ ያዘችውና ሳታስብ ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ከተተች።

ናፍታ ናፍታ ይላል። ከሥሩ የበግ ፀጉር አለ፤ ከዚያም ሥር የእሱ ላብ። እጅጌውን አሸተተች፤ ኪሶቹን ገልብጣ አሸተተች፤ ገበሩን አሸተተች። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ያኔ ጮኻ አለቀሰች። ከመጋረጃው ወዲያ ውባየሁ ሰማት።